በእሷ በኩል ያለው እንጀራ

እህቴ የሞተችው ዳንግላን አልፈን ወደ ባሕር ዳር ስንጓዝ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ መንገድ ተዘግቶ ነበር እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ አምስት ቀን ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በፊት ግን ሦስት ወር ያህል ክፍት ነበር። ያንን ማንም አይጠይቀኝም።

በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እታለም ነበር የምላት። አባታችን ካረፈ በኋላ ያስተማረችኝ እሷ ነች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር እንኳ አልተቆጣችም፤ ሞባይል የሚጠገንበት ሱቅ ሥራ የፈለገችልኝ እሷ ነበረች። እሷ እንጅባራ መንግሥት መሥሪያ ቤት ትሠራ ነበር። እናታችን ገበያ ላይ ድንችና ገብስ ትሸጣለች፤ ከተማውን አሁንም በድሮ ስሙ ቆሰበር ነው የምትለው። ሦስታችን አንድ ቤት ነበርን።

እህቴ ወፍራም ነበረች። ዝም ብሎ ወፍራም አይደለም፤ ጉልበቷ አልሸከም ብሏት ነበር፣ ደም ግፊትም ነበረባት። ባጃጅ ላይ ስትወጣ ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ ያያታል። እሷ ቀድማ፣ «አይዞህ፣ ካልተነሳ ወርጄ እገፋልሃለሁ» ትለዋለች። ሰው ይስቃል። ቤት ስትገባ ግን አትስቅም ነበር።

ብዙ ጊዜ ስታስብበት ቆይታ አዲስ አበባ ሄዳ ኦፕራሲዮን ተደረገች። ጨጓራዋን አሳነሱላት። አስታማሚዋ እኔ ነበርሁ። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ የሚበላውንና የማይበላውን ለሁለታችንም አስረዳን። በትንሽ ሰሃን፣ በትንሽ ማንኪያ፣ በዝግታ። እንቁላል፣ እርጎ፣ ምስር አስቀድማ። ቫይታሚኑን ሳታቋርጥ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ትውከት ጀምሯት ሁለት ቀን ካለፈው አትጠብቁ። እሷ ደህና ነኝ ብትል እንኳ አንተ ደውል» አለኝ። ቁጥሩን ስልኬ ላይ መዘገብሁት። አሁንም አለ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ነበሩ። ክረምቱን ሙሉ እቤት ሆና አጥሚት በማንኪያ ስትጠጣ፣ ውሃ በጉንጭ በጉንጭ ስትል ከረመች። መስከረም ላይ ሥራ ስትመለስ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋት ነበር። ዳገቱን ቆም ሳትል ወጣችው። ከላይ ሆና፣ «አንተ ደግሞ ምን ታለከልካለህ?» ስትለኝ ትዝ ይለኛል። ያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ፤ ደስ ብሏት ነበር።

ችግሩ የመጣው በገበታ ነው። እኛ ቤት የሚበላው በአንድ ትሪ ነው። እንጀራው ይዘረጋል፣ ወጡ በየፊታችን ይጨለፋል፣ ሁሉም ከፊቱ ይበላል። እህቴ ትንሿን ሰሃን ይዛ ስትቀርብ እናቴ ፊቷ ተለወጠ። «አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ የመጣሽው ለብቻ መብላት ለምደሽ ነው?» አለቻት። እህቴ የሐኪም ትእዛዝ ነው ብትላትም፣ በሰሃን ለብቻው የሚበላ ወይ የተጣላ ነው ወይ የሚተላለፍ በሽታ ያለበት ነው ብላ ሰሃኑን መልሳ ደረደረችው።

በእናቴ አልፈርድም። ኦፕራሲዮኑን ለማንም አልተናገረችም ነበር። ገበያ ላይ ሴቶቹ ልጅሽን ምን ነካብሽ፣ ምነው እንዲህ አለቀች፣ ይሏታል። አንዷማ፣ ድንቹን ሁሉ ለገበያ አውጥታችሁ ለልጅቱ ምን ተረፋት ብላታለች። እናቴ ያን ቀን የመጣችው ሳትስቅ ነው። ከዚያ ወዲህ በእህቴ ፊት የምትጨልፈው ወጥ በዛ። ዓይኗም ከእህቴ እጅ አይነቀልም።

እኔ የገባሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ እናቴ ወጥ ልትጨምር ስትነሳ እህቴ በጉልበቷ ጉልበቴን ነካ አደረገችኝ። በዓይኗ ከፊቷ ያለውን እንጀራ አሳየችኝ። ሁለት ጉርሻ ብቻ ነበር የወሰደችው። እጄን ዘርግቼ ጠቅልዬ ጎረስሁት። እናቴ ስትመለስ በእህቴ በኩል እንጀራው አልቆ ትሪው ብቻ ሲታይ አየች። «እንዲህ ነው እንጂ» አለች። ፊቷ በራ። እኔና እህቴ እንዳንስቅ አንገታችንን ደፋን።

ጨዋታ ነበር። ለሁለቱም ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እናቴ ትደሰታለች፣ እህቴ አትጨነቅም። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እርቦኝ ነበር። በየቀኑ ሆነ። እኔ ሱሪዬ አልዘጋ አለኝ። እህቴ አይታ፣ «የጣልሁትን አንተ ነህ እንዴ ያነሳኸው?» አለችኝ። ስቄያለሁ።

ጥቅምት ላይ ከቤታችን ጀርባ፣ ከቀርከሃው አጥር ሥር፣ ስታስታውክ አገኘኋት። አፏን ተጉመጥምጣ፣ ፈጥኜ ስለበላሁ ነው አለችኝ። በማግስቱም አስታወከች። በሦስተኛውም። ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም፤ ረስቼ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልደውል ነው ስላት ክንዴን ያዘችኝ።

«ከደወልህ ተመለሽ ይሉኛል። እማዬ ደግሞ ሆዷን ቀደው አበላሹት ብላ አገር ታዳርሳለች። ትንሽ ጠብቅ። ይተወኛል» አለችኝ።

ጠበቅሁ። አንዳንድ ሳምንት በእርግጥም ይተዋት ነበር። ከዚያ ይመለሳል። ቫይታሚኑ ያቅለሸልሸኛል ብላ መዋጥ ተወች። ምግብ ፈራች መሰለኝ። ቀድሞ ሁለት ጉርሻ የነበረው አንድ ሆነ፣ ከዚያ በጣቷ ቆርሳ ማስመሰል ብቻ። የቀረውን እኔ እጠርገዋለሁ።

የነቢያት ጾም ሲገባ እናቴ የንስሐ አባታችንን አስፈቅዳ ጠዋት ጠዋት ለእህቴ ብቻ እንቁላል ትቀቅልላት ጀመር። እናቴ ለገበያ ስትወጣ እህቴ እንቁላሉን ኪሴ ውስጥ ትከትልኛለች። መጀመሪያ ለውሻ ነበር የምሰጠው። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሆኜ በጣም እርቦኝ ላጥሁና በላሁት። ከዚያ በኋላ ውሻው አላገኘም። ጾሙ ሲፈታ ሄጄ ጾም መግደፌን ተናዘዝሁ። ቀኖና ተሰጠኝ፣ ሰገድሁ። እንቁላሉ የማን እንደነበረ ግን አልተናገርሁም። አባም አልጠየቁኝም።

ከገና በኋላ እግሬን ይደነዝዘኛል ማለት ጀመረች። በደረቅ መሬት ትደናቀፋለች። አንድ ቀን ከሱቁ በር ላይ ቆማ፣ «ሁለት ሆነህ ትታየኛለህ፤ አንዱ እንኳ አልበቃኝ ብሎ» አለችኝ። አሁንም ሳቅሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርሁ።

መንገድ በተዘጋ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። የምትናገረው ነገር ይምታታባት ነበር፤ እኔን በአባታችን ስም ጠራችኝ። በባጃጅ እዚያው ከተማችን ወዳለው ሆስፒታል ወሰድናት። ወጣት ሐኪም ነበር። ኦፕራሲዮኑን ነገርነው። ዓይኗን አየ፣ እግሯን ነካካ፣ ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ምግብ እንዴት ነው? ትበላለች?» ብሎ ጠየቀ።

እናቴ ቀድማ መለሰች። «ደህና አድርጋ ትበላለች። በዓይኔ እያየሁ ነው የምትበላ። በጾሙ እንኳ እንቁላል አላጣች።»

«ያስታውካታል?»

«የለም፣ ኧረ የለም።»

ሐኪሙ ጻፈ። እኔ ከእናቴ ጎን ቆሜ ነበር። አፌን ከፍቻለሁ፤ ይህንን በደንብ አስታውሳለሁ። ግን እናቴ ፊት፣ እዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ዋሽተናል ማለት አቃተኝ። ሐኪሙ ሲወጣ ተከትዬ እነግረዋለሁ አልሁ። ሲወጣ ሌላ በሽተኛ ጠሩት። ማታ እነግረዋለሁ አልሁ። ማታ ሌላ ሐኪም ነበር የገባው። በማግስቱም ነገ አልሁ። ወደ ባሕር ዳር ሆስፒታል እንድትሄድ ተጽፎላት ነበር፤ መንገዱ የተከፈተ ቀን አምቡላንስ ተገኘልንና ተነሳን። እጇን ይዤ ነበር። ዳንግላን ስናልፍ እጇ ያው ነበር፣ እሷ ግን አልነበረችም።

ለአዲስ አበባው ሐኪም የደወልሁት ከቀብሩ በኋላ ነው። ሁሉንም ነገርሁት። ሰው ሳይበላና እያስታወከ ብዙ ሲቆይ ነርቭ እንደሚጎዳ፣ በጊዜ ከታወቀ በመርፌ የሚሰጥ ቫይታሚን እንዳለ ነገረኝ። አልተቆጣኝም። ትድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። መናገር አልችልም አለኝ። በሥራ ቦታ ባትሪ ስቀይር፣ ብሎን ስፈታ፣ ሁልጊዜ ያቺን ቃል ነው የማስብ። መናገር አልችልም።

ለቅሶ ቤት እናቴ ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ትናገር ነበር። ልጄ እየበላች ነው የሞተችብኝ፤ ከፊቷ አንድ ነገር አታስተርፍም ነበር፤ የገደላት ያ ኦፕራሲዮን ነው። ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ወንበር አመላልሳለሁ። ለእናቴ የቀራት መጽናኛ ያ ብቻ ነበር፣ ልጇን በእጇ አለማስራቧ። ለማፍረስ አልደፈርሁም። ደግሞ ለእኔም ተመችቶኝ ነበር።

ከአርባዋ በኋላ አንዲት የእህቴ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ መጣች። እሷም ከባድ ሴት ነች። ስትቀመጥም ስትነሳም ግድግዳ ትይዛለች። ለእናቴ ሐዘኗን ከገለጸች በኋላ እየፈራች ነገሩን አወጣችው። ለዚያው ኦፕራሲዮን ቀን ተይዞላታል፤ ስኳሯ ስለከፋ ሐኪሞቹ አትቆዪ ብለዋታል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለእኔም ስለሆነ ነው። ምግብ ይስማማት ነበር?» አለች።

እናቴ የለመደችውን ነገረቻት። ትበላ እንደነበር፣ ያም ሆኖ እንደሞተች። ከዚያ የሴትዮዋን እጅ ያዘች። «አትሂጂ ልጄ። እናት የለሽም? አታስለቅሻት» አለቻት። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እንግዲያው እተወዋለሁ» አለች።

መሬት መሬት እያየሁ ነበር። የሴትዮዋ እግር አብጦ ከጫማዋ አፍ ወጥቶ ነበር።

«አትበላም ነበር» አልሁ።

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኋት፤ ለሴትዮዋ ነበር የምናገረው፣ እናቴን ማየት ስላልቻልሁ። ጉልበቷን፣ ትሪውን፣ ትውከቱን፣ ያልደወልሁትን። ኦፕራሲዮኑ ሳይሆን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው አልኋት። ለብቻሽ በሰሃን ብዪ፣ ካስታወከሽ ለማንም ሳታፍሪ ሂጂ፣ ወንድም ካለሽም አትተማመኚበት። የመጨረሻውን ለምን እንዳልሁት አላውቅም። ሴትዮዋ ሁለት ሦስት ነገር ደግማ ጠየቀችኝና የስልክ ቁጥሬን ተቀብላ ሄደች።

እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ።

«ከመስከረም። ትውከቱ ከጥቅምት።»

«እንቁላሉንም?»

«እንቁላሉንም።»

«ሐኪሙ ሲጠይቀኝ የት ነበርህ?»

«አጠገብሽ።»

ከዚያ እኔን መጠየቅ ተወች። በአገውኛ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ከእህቴ ጋር ታወራ ጀመር። እኔ እንደ እሷ ባልናገረውም እሰማዋለሁ። ለሐኪሙ የዋሸሁብሽ እኔ ነኝ ነበር የምትላት። አንቺ አታውቂም ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብላትም አልሰማችኝም። ለሴትዮዋ ስል ነው የተናገርሁት እላለሁ። ከፊሉ እውነት ነው። ከፊሉ ብቻዬን መሸከም ስለከበደኝ ነው። እናቴ ላይ ጫንሁት፤ የእኔም አልቀለለም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። እናቴ ድንቹን ትታ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ራቅ ብዬ ተከተልኋት። ወደ ገበያው አልታጠፈችም፤ ሆስፒታሉ ገባች። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ስትወጣ አየችኝና አልሸሸችም።

«ያ ልጅ ሐኪም ተቀይሮ ሄዷል አሉኝ» አለች።

ምን ልትለው እንደነበር ጠየቅኋት።

«ትበላለች ያልሁህ ስህተት ነው፣ ከጻፍኸው ላይ ፋቀው ልለው ነበር» አለች።

ባጃጅ ልጥራልሽ ብላት በእግሬ ነው የምሄድ አለችኝ። አብረን ወረድን። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።