ሠላሳ ግርግም፣ አንድ ፈረስ

በ1922 ዓ.ም. ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ወርዶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሚያዞር መንገደኛ በመጀመሪያ የሚያየው የቀኛዝማች ሙሉብርሃንን ቤት ነበር። ቤቱም እንዲታይ ተብሎ የተሠራ ነው። የጣሪያው ግማሽ ቆርቆሮ፣ ግማሹ ሣር ነው። ቆርቆሮው የተመታው ባቡሩ በሚያልፍበት በኩል ነው። ሣሩ ያለው በጓሮ በኩል ሲሆን በዚያ የሚያልፉት ላሞች ናቸው፤ ላም ደግሞ በጣሪያው ምክንያት ሰው አትንቅም።

ቤቱ ታሪካዊ ነው ይባል ነበር። አንድ ራስ ዝናብ ይዟቸው ሁለት ቀን ተቀምጠውበታል። የትኛው ራስ እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ዝናቡን ግን ሁሉም ያስታውሰዋል፤ ያን ጊዜ ያፈሰሰው ጣሪያ ዛሬም እዚያው ላይ ያፈሳልና።

እውነተኛው ድንቅ ነገር ግን የፈረስ ቤቱ ነው፤ ስለ እሱ ሲነሣ ማሳጠር አይቻልም። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ የግራር እንጨት ነው። የፈረስ ትንፋሽ ታፍኖ ከቀረ ሳንባ ስለሚያሳምም ከጣሪያው ሥር ክንድ የሚያህል ክፍተት ዙሪያውን ተትቷል። ወለሉ ወደ መካከል ያዘቀዝቃል፤ ሽንቱ በድንጋይ ቦይ ወርዶ ከግድግዳው ውጭ ወዳለው የጎመን መደብ ይሄዳል። በሁለት ረድፍ ዐሥራ አምስት ዐሥራ አምስት ግርግም አለ፤ እያንዳንዱም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ነው። ይህን ሁሉ ያሰበው ሰው ለራሱ መኝታ ክፍል መስኮት ማውጣት ረስቷል።

ቀኛዝማች በደጉ ዘመናቸው የነበሯቸው ፈረሶች ዐሥራ ሁለት ብቻ ናቸው። ታዲያ ሠላሳ ግርግም ለምን? እንግዳ ሲመጣ የሚቆጥረው ግርግሙን ነው፤ የቀሩት ፈረሶች ሁልጊዜ ግጦሽ ላይ ናቸው።

የዚህ የፈረስ ቤት ባልደራስ ጆቴ ይባላል። ባልደራስ ማለት የፈረሶች አለቃ ማለት ነው፤ ጆቴ ግን የሚያዘው አንድም ሰው አልነበረውም፤ ፈረሶቹንም ቢሆን አያዛቸውም፣ ይለምናቸዋል። ወደ ቤቱ የገባው ሐዲዱ አዳማ ሳይደርስ ነው። አለንጋ ይዞ አያውቅም። አዲስ ፈረስ ሲመጣለት ለሦስት ቀን አጠገቡ ቁጭ ብሎ ልጓም ይጠግናል፤ በአራተኛው ቀን ፈረሱ ራሱ ሰልችቶት ይቀርበዋል። ዐይኑን ጨፍኖ የድርቆሽ አኘካከሉን ብቻ ሰምቶ የትኛው ፈረስ ጥርሱን እንደታመመ ይለያል።

ቀኛዝማች ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጃቸው ባላምባራስ ሰብስቤ አዲስ አበባ ተቀምጠው የአባታቸውን ፈረሶች እየወደዱ ያስመጧቸው ነበር። የባላምባራስነት ማዕረጋቸው ብቻ አራት ፈረስ ፈጅቷል፤ እጅ መንሻ በባዶ እጅ አይሆንማ። የቀሩትም በየተራ በባቡር ተጭነው ሄዱ። በመጨረሻ የተረፈው ቦራ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ዕድሜው ሃያ ሊደፍን የተቃረበ፣ የቀኝ ፊት ጉልበቱ የማይታጠፍ ሽማግሌ። የተረፈውም ማንም ባለሥልጣን እጅ መንሻ ብሎ ስለማይቀበለው ነው። ጆቴና ሚስቱ ሎሚ በጋጣው ጫፍ ባለች አንዲት ክፍል ከቦራ ጋር ግድግዳ ተጋርተው ይኖራሉ።

በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። የጣቢያው ጸሐፊ አነበበላቸው።

«ቤቱን ከነሦስት ጋሻ መሬቱና ከነፈረስ ቤቱ ልሸጥ ነው። ገዢው አቶ ሐዲስ የሚባል የሞጆ ነጋዴ ሐሙስ ይመጣል። ጋጣውን ባዶ እንዳያይ። ፈረስ ካየ ባልደራስ ያስፈልገዋል፤ አንተም ከቦራ ጋር ባለህበት ትኖራለህ። ባዶ ካየ ግን ቦራን ለጋሪ ነጂ እሰጠዋለሁ፤ አንተም መንገድህን ትፈልጋለህ።»

ጆቴ ጣቢያው በር ላይ ጋሪ የሚጎትቱትን ፈረሶች ያውቃቸዋል። እዚያ የፈረስ ዕድሜ የሚቆጠረው በክረምት ነው፤ ከሁለት በላይ የቆጠረም የለም።

«እንግዲህ ሠላሳውን ግርግም በምን ልትሞላው ነው?» አለች ሎሚ። «እኔና ዶሮዎቹ ብንቆም ስምንት እንሞላለን።»

«ኦቦ ሰንበታ ጋ ልሂድ።»

«ሂድ። እሳቸው እንኳ ይስቁብሃል።»

ኦቦ ሰንበታ የአካባቢው የፈረሰኞች አባት ናቸው፤ ጆቴን ፈረስ መግራት ያስተማሩትም እሳቸው ናቸው። ጆቴ ሲደርስ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ያስላሉ።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ?» አለ እንዴት እንዳደሩ ሲጠይቅ።

«ፈያ ነኝ፤ ሳሉ ነው እንጂ። ምን አመጣህ?»

ጆቴ ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪያስሉ ድረስ ሳቁ።

«ለአንድ ቀን የባላምባራስ ሰብስቤ ንብረት መሆን ለኔ ይከብደኛል» አሉ። «ፈረሴ ግን ይችለዋል፤ እሱ አይናገርም። ጉራቻን ውሰደው። ሌሎቹም የኔን ሲያዩ ይሰጡሃል። ግን ስማኝ፣ ሐሙስ ማታ እዚህ በር ላይ ላየው እፈልጋለሁ።»

«እኔው ራሴ አመጣዋለሁ፣ ኦቦ።»

ጉራቻ ስሙ እንደሚለው ጥቁር ነው፤ በዚያ አገር ሁሉ የሚስተካከለው አልነበረም። ረቡዕ ማታ ጋጣው ውስጥ ዐሥራ አንድ የተውሶ ፈረሶች ገቡ፤ ቦራ ዐሥራ ሁለተኛ ነው። ጆቴ ሁሉንም ጠርጎ፣ ጋማቸውን አበጥሮ፣ እያንዳንዱን ጠባዩ በሚስማማው አጠገብ አሰረው። ሲጨርስ መሐል ቆሞ አኘካከላቸውን ሰማ። ጋጣው እንዲህ ከተሰማ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ለአንድ አፍታ የማን እንደሆኑ ረሳው።

ሐሙስ ጧት ባላምባራስ ከአዲስ አበባ፣ አቶ ሐዲስ ከሞጆ ተሳፍረው በአንድ ባቡር ደረሱ። ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ ጸሐፊ በግቢው ይጠብቁ ነበር። በዚያ አገር መሬትና ቤት ሲሸጥ ሻጩ ንብረቱን እየዞረ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ የኔ ነው፣ ያ የእከሌ ነው» ይላል፤ ሽማግሌዎቹ ይሰማሉ፤ ጸሐፊው ይጽፋል። በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል የተተፋ ምራቅ ነው፤ ተመልሶ አይዋጥም። ሥርዓቱ በጣም ጥሩ ነው፤ የሚያስቸግረው ለሚዋሽ ሰው ብቻ ነው።

አቶ ሐዲስ ዝምተኛ ሰው ነው። ቤቱን ዞሮ አየ፤ ዝናብ ስለያዛቸው ራስ ሲነገረው «እህ» አለ። ፈረስ ቤቱ ሲገቡ ግን ጃንጥላውን እንደ ክንድ አድርጎ ግድግዳውን መለካት ጀመረ። ወለሉን በጫማው መታ። ወደ ጣሪያው አንጋጦ «እዚህስ ያፈሳል?» ብሎ ጠየቀ። ፈረሶቹን ግን ጠጋ ብሎ እንኳ አላያቸውም።

ባላምባራስ ይህን እንደ ትልቅ ሰው ዝምታ ቆጠሩት።

«ይህን ጥቁሩን ይመልከቱ፣ አቶ ሐዲስ» አሉ ጉራቻን እያሻሹ። «የአባቴ የጦር ፈረስ የልጅ ልጅ ነው። ዘራችን ነው! እኛ ቤት የፈረስ ዘር ከሰው ዘር እኩል ይቆጠራል።»

በዚህ ጊዜ አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ነጠላውን አገልድሟል፤ ጦሩን ዘቅዝቆ ይዟል። የኦቦ ሰንበታ ልጅ መርዳሳ ነው።

«ጆቴ» አለ፤ «አባቴ ጎህ ሲቀድ አረፈ። ጉራቻን ልወስድ መጥቻለሁ።»

ጆቴ የያዘው ልጓም ከእጁ ወደቀ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ ያሻል። በዚያ አገር ፈረሰኛ ሽማግሌ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው ኮርቻው ላይ ተሰቅሎ፣ ከአስከሬኑ ፊት ይመራል። ፈረስ ያለው ሁሉ በፈረሱ መጥቶ ሜዳውን በሽምጥ ይዞራል። ፈረስ እያለው በእግሩ የመጣ ሰው፣ ሟቹን «አንተ ተራ ሰው ነበርክ» ብሎታል ማለት ነው። ለዚህ ምክንያት አይቀርብም፤ ታምሜ ነበር አይባልም፤ ፈረሴን ለሰው አውሼ ነበር ከቶ አይባልም።

«ምን ይላል ይሄ ሰውዬ?» አሉ ባላምባራስ።

«ጌታዬ፣ የአባትዎ ፈረስ የልጅ ልጅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ» አለ መርዳሳ ጉራቻን እየፈታ። «ዘመዳሞች መሆናችንን አላውቅም ነበር። እንግዲያስ ለቅሶ ይድረሱ፤ ቀብሩ ከቀትር በኋላ ነው።»

ይዞት ወጣ። ወዲያው ነገሪ የሚባል ጎረቤት መጥቶ ግራጫውን ፈታ። ከዚያ ሁለት ወንድማማቾች ገብተው ባላምባራስን በአክብሮት እጅ ነሥተው ሁለት ወሰዱ። ባላምባራስ መጀመሪያ «ለለቅሶ አውሰናቸው ነው» አሉ፤ ስድስተኛው ሲወጣ «ቸርነት የቤታችን ልማድ ነው» አሉ፤ ዘጠነኛው ላይ ዝም አሉ። በመጨረሻ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ባላምባራስ። ያ ጥግ ያለው ዳማ የኔ ነው። ቃሉን ሰምቼ ስጨርስ ይዤው እሄዳለሁ፤ አያስቸኩልም።»

ጸሐፊው ብዕሩን አንሥቶ የሚጽፈውን አጥቶ ቆመ።

ጆቴ በበኩሉ ኮርቻ አንሥቶ ወደ ቦራ ሄደ። ባላምባራስ ተከትለው ክንዱን ያዙት።

«ወዴት ነው?»

«ለቅሶ፣ ጌታዬ።»

«የጻፍኩልህን ረሳኸው? ከዚህ በር ብትወጣ ተመልሰህ አትገባም። ይሄም በድን ነገ ጋሪ ላይ ነው!»

«አልረሳሁም» አለ ጆቴ የኮርቻውን መቀነት እያጠበቀ። «ግን ኦቦ ሰንበታ ዛሬ ማታ በራቸው ላይ ፈረስ እጠብቃለሁ ብለውኝ ነበር። በእግሬ ልሂድባቸው?»

ቦራን በልጓሙ መርቶ በባዶዎቹ ግርግሞች መካከል አለፈ፤ በሩ ላይ ወጣበትና ሄደ።

አቶ ሐዲስ ከገባ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፈረስ ጠየቀ።

«ይኸኛውስ የማን ነበር?»

ባላምባራስ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። «የሱ ነዋ!» ብለው ጮኹ። «የሁሉም የየራሱ ነው! የቦራም ጌታ እሱ ነው! የኔ ግርግሙ ብቻ ነው!»

ሦስቱም ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊው በመጨረሻ የሚጽፈው ነገር በማግኘቱ ደስ ብሎት ጻፈ።

ከዚያ የሆነውን ባላምባራስ ፈጽሞ አልጠበቁትም። አቶ ሐዲስ ባዶ ግርግም ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ እፎይ አለ።

«ባላምባራስ፣ ከገባን ጀምሮ ጭንቅ ይዞኝ ነበር። እኔ ጨው ነጋዴ ነኝ። ከጅቡቲ በባቡር የሚመጣልኝን ጨው የማራግፍበት፣ ነፋስ የሚገባው፣ ወለሉ የማይረጥብ፣ ለጣቢያው የቀረበ ቤት ፍለጋ ሁለት ዓመት ዞሬያለሁ። ይህን ስመለከት ልቤ ዘለለ። ግን ዐሥራ ሁለት የፈረስ ምላስ ባለበት ቤት እንዴት ጨው ላስቀምጥ? ፈረሶቹን አልፈልግም ብልዎ ደግሞ እንዲህ የሚወዷቸውን ዘሮችዎን መናቅ መሰለኝ። ተመስገን! ባዶ ነው።»

ቤቱ በዚያው ቀን ተሸጠ።

ጆቴ ይህን አላወቀም። ሜዳው ላይ ጉራቻ ጋሻ ተሸክሞ ከፊት ይመራል፤ ፈረሰኞቹ አቧራውን የአዳማ ነፋስ እስኪነጥቃቸው ድረስ ይዞራሉ። ቦራ በማይታጠፈው ጉልበቱ አንድ ዙር ሸመጠጠ፤ ሁለተኛውን በእርምጃ ጨረሰ። ማንም አልሳቀም። ማታ ጆቴ ጉራቻን ራሱ መርቶ የኦቦ ሰንበታ በር ላይ አሰረው፤ ቃሉ ነበርና።

ሲመለስ ሎሚ ከግቢው ውጭ ዕቃቸው ላይ ተቀምጣ አገኛት። ዶሮዎቹ ከእግሯ ሥር ታስረዋል።

«ተሸጠ?» አላት።

«ተሸጠ። ባልደራስ አያስፈልግም ተባለ፤ ጨው አይጋለብም። እኛ ተባረናል። አንተ ግን ፈረስ ተሰጥቶሃል።»

«ማን ሰጠኝ?»

«ንዴት።»

አርብ ጧት ባላምባራስ ቦራን ለጋሪ ነጂ ሊሰጡ ሰው ላኩ። ሽማግሌዎቹ የላኩት መልስ አጭር ነበር፤ «ተፍተዋል።» መርዳሳ ከጉራቻ ጋጣ አጠገብ ለጆቴ የጎጆ ቦታ ሰጠው። ቤት የሌለው ባልደራስ ባለ አንድ ፈረስ ጌታ ሆነ፤ ይህ ደግሞ ከሠላሳ ግርግምና ከባዶ ጋጣ ይሻላል።

ክረምት ሲመጣ አቶ ሐዲስ የፈረስ ቤቱ ቦይ ምን ያህል ጥሩ እንደተሠራ አወቀ። ከከረጢቶቹ የሚረግፈው ጨው ከዝናቡ ርጥበት ጋር በቦዩ እየወረደ ከግድግዳው ውጭ ይወጣል። መጀመሪያ ጎመኑ ደረቀ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ነጭ ዱቄት ተጋገረ። ቦራ ደግሞ ለዓመታት የለመደውን መንገድ አልረሳም፤ በየጧቱ ለውኃ ሲወጣ ወደዚያ ይታጠፋል።

«ጆቴ!» አለ አቶ ሐዲስ አንድ ቀን ጃንጥላውን እያወዛወዘ። «ፈረስህ ቤቴን እየላሰ ሊጨርሰው ነው!»

ጆቴ ልጓሙን አላልቶ ቆሞ ነበር። ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል።

«አይዞዎት» አለው። «ጥርሱ ደህና ነው።»