እበት የተለቀለቀው የቴኒስ ሜዳ

ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት ነበር፤ ስልሳ ሰባት ዓመቴ። ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር ያለችውን የአፈር ቴኒስ ሜዳ መጠበቅ ከጀመርሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። መጠበቅ ስል ውኃ ማጠጣት፣ መደልደል፣ መስመሯን በኖራ ማስመርና ፍየል ማባረር ነው። በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ወደዚሁ አገር፣ ወደ አቦቦ፣ የወረድሁ ገበሬ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቁጥር ግን ጥርት አድርጌ አውቃለሁ። የቴኒስ ነጥብ ሲቆጥሩ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ ከዚያ አርባ ሲሉ "አምስቱን ማን በላው?" ብዬ ብጠይቅ የመለሰልኝ ዳኛ እስከ ዛሬ የለም።

ልጄ በዚያች ሜዳ ላይ አድጋ፣ አዲስ አበባ ላለ ክለብ በደመወዝ ትጫወት ነበር። በዚያ ዓመት ሠላሳ ሁለት ሞላት። የክለቡ መሪ፣ ሆዱ ከእግሩ ቀድሞ የሚደርስ ሰው፣ "አርጅተሻል፤ የዘንድሮውን የሴቶች ጥንድ ዋንጫ ካላመጣሽ ውልሽ አይታደስም" ብሏታል። ውድድሩ ደግሞ እኛው ከተማ ላይ ወደቀ።

ጥንድ ማለት ሁለት ሴቶች በአንድ ወገን ቆመው፣ ኳሱ በመሀላቸው ሲያልፍ "ያንቺ ነበር" የሚባባሉበት ጨዋታ ነው። የልጄ ጥንድ የዚሁ የጋምቤላ ተወላጅ ናት፤ እጇን ስትዘረጋ መረቡ አጥር መሆኑ ይቀርና ገመድ ይመስላል። ሁለቱ እያሸነፉ ፍጻሜ ደረሱ።

ችግሩ ሜዳው ነው። የመጋቢት ፀሐይ ሰነጣጠቀው፤ አንዳንዱ ስንጥቅ እጅ ያስገባል። ዋናው ዳኛ ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ነገም እንዲህ ከሆነ የሴቶቹ ፍጻሜ አይካሄድም። ዋንጫው በነጥብ ለሚበልጡት ይሰጣል" አለ። በነጥብ የሚበልጡት ደግሞ እነዚያኞቹ፣ የልጄ ተጋጣሚዎች ናቸው።

የተሰነጠቀ መሬት ምን እንደሚደረግ እኔ ከዳኛው ሳልማር አውቃለሁ። አውድማ ሲሰነጠቅ በእበት ይለቀለቃል፣ አለቀ። ከብት የምታረባ የኑዌር ሴት ጎረቤት አለችኝ፤ እሷ ዘንድ ሄድሁ።

"እበት ለትንኝ ጭስ ነው። ላንተስ ለምን ነው?" አለች።

"ለኳስ።"

"ኳስ ትንኝ አለበት?"

እየሳቀች ሦስት ጋሪ ሰጠችኝ። እበቱን ከአፈር ጋር አቡክቼ እስኪመሽ ለቀለቅሁ። በማግስቱ እንደ ጣባ ደርቆ አገኘሁት። የማንጎው ዛፍ ጥላ የሚያርፍባት አንዲት ማዕዘን ብቻ ቀረች። በእግሬ አውራ ጣት ብጫናት ገባች። ደረቅ አሸዋ በተንሁባትና ዝም አልሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ዳኛው መጣ፤ አፍንጫው ቀደመው።

"ይሄ ምንድን ነው የሚሸተው?"

"መድኃኒት ነው።"

"የምን መድኃኒት?"

"የመሬት።"

ኳስ ጥሎ አነጠረ፤ ነጠረችለት። ይጫወቱ አለ። ልጄ ግን የወሎ ገበሬ ልጅ ናት፣ በእበት አትታለልም።

"አባዬ፣ እበት ነው አይደል?"

"አፈር ነው።"

"አባዬ።"

"እሺ፣ ላሟ የበላችው ሣር ነው። ሣር ላይ የሚጫወቱ አገሮች አሉ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?"

ራኬቷን ይዛ ሄደች።

የመጀመሪያውን ዙር ወሰዱ፤ ሁለተኛው ተወሰደባቸው። ሦስተኛው ቀድሞ አሥር ነጥብ ላይ ለደረሰ ሆነ። ዘጠኝ ለስምንት እየተመሩ ሳለ እነዚያኞቹ ኳሷን ወደ ማንጎው ማዕዘን ላኩ። ልጄ ሮጠች። ደርሳባት ነበር፤ ራኬቷን ስታነሣ አይቻለሁ። እግሯ ግን ከሥር ሄደና በቂጧ ቁጭ አለች። ኳሷ አልፋት ሄደች። እነዚያኞቹ ተቃቀፉ።

ጥንዷ መጥታ አነሣቻት። "ተነሺ፣ እህቴ" አለቻት፤ "ይቺኛዋ ያንቺም የኔም አልነበረችም፤ የላም ነበረች።" ተመልካቹ ሁሉ ሳቀ። የክለቡ መሪ ብቻ አልሳቀም፤ ሰዓቱን አይቶ ተነሥቶ ሄደ።

ማታ ልጄ ግቢያችን ቧንቧ ሥር ነጭ ቀሚሷን እያጠበች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

"ማዕዘኑ አለመድረቁን ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም" አልኋት። በዚህ ሽበት ዋሸሁ።

"እንግዲህ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ በሚወጣው የመቱ መኪና እሄዳለሁ። አዲስ አበባ ገብቼ ከክለቡ ዕቃዬን ላውጣ።"

ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፌ የሚወጣ ሰው አይደለሁም። ሚስቴም፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ሳትሰማው ነው የሞተችው። ያን ሌሊት ግን አልጋው ጎረበጠኝ።

በማግስቱ ገና ፀሐይ ሳትበረታ የክለቡ መሪ ያረፈበት ሆቴል ሄድሁ። በረንዳ ላይ ጥርሱን ሲፍቅ ደረስሁበት።

"ልጅቷ አልተሸነፈችም፤ እኔ ነኝ የጣልኋት" አልሁት። ሁሉንም ነገርሁት።

አረፋውን ተፋና፣ "ፋዘር፣ ይሄን ቦርዱ ፊት ባወራ ይስቁብኛል" አለ።

"ይሳቁ። ሰው እየሳቀ ሰው አያባርርም።"

"በጽሑፍ ይስጡኝ እንግዲያ።"

ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣሁ። "ሜዳውን እበት የለቀለቅሁ እኔ ነኝ። ማንጎው ሥር እርጥብ መሆኑን አውቅ ነበር። ልጅቷ የወደቀችው ችሎታ አጥታ አይደለም" ብዬ ጻፍሁ። ሰውየው ታጥቦ፣ ለብሶ፣ እንቁላሉን በልቶ ሲመለስ እኔ ገና ፊርማዬ ላይ ነበርሁ። አነበበው፤ አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተው። እምቢም እሺም አላለኝም፤ ግን አልቀደደውም።

ከዚያ በባጃጅ መናኸሪያ ሄድሁ። ልጄ መስኮት ጥግ ተቀምጣለች።

"አውቅ ነበር" አልኋት።

ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ኖሮ አልሰማችኝም። መስኮቱን ከፍታ ጆሮዋን አወጣች፤ ደግሜ ነገርኋት።