በሩን ክፈትላት ያልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ

ዛሬ ከሰዓት ሲኒማ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ «አትክፈት!» እያለ ሲጮህ እኔ ብቻዬን «ክፈትላት» አልኩ።

ፊልሙ የሚያስፈራ ነው። የሞተች ልጅ ከመቃብር ተነስታ ቤቷ ትመጣና በሩን ታንኳኳለች። ታናሽ ወንድሟ ከውስጥ መወርወሪያውን ይዞ ይንቀጠቀጣል። (ልጁ ፈረንጅ ነው፤ አማርኛ እንደማይሰማ ግን ማናችንም ትዝ አላለንም።)

አጠገቤ የተቀመጡት የአትክልት ተራ ነጋዴ ሴትዮ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ፊት ለፊቴ ሁለት ልጆች ተቃቅፈው ይስቃሉ። ከኋላዬ ያለው ጎረምሳ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ምነው፣ እህትህ ናት እንዴ?» አለኝ። የሰሙት ሁሉ ሳቁ።

ልጁ በሩን ሳይከፍት ፊልሙ አለቀ።

መብራት ሲበራ ጎረምሳው የካኪ ዩኒፎርሜ እጅጌ ላይ የተሰፋውን ጥቁር ጨርቅ አየ።

«ማን ሞቶብህ ነው?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«እህቴ። ወር ሊሞላት ነው።»

«ነፍስ ይማር» ብሎ እስከ ጋሪዎቹ መቆሚያ ድረስ ሸኘኝ።

አሁን ቤት ነኝ። እኔን ፊልሙ ያስፈራኝ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ልጅቷ ማንኳኳቷን ስታቆም።

እናንተስ፣ ሰው ሁሉ የፈራውን ሳትፈሩ ቀርታችሁ ታውቃላችሁ? ንገሩኝ።