አሥራ አምስት ደቂቃ ከሃምሳ አራት

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን፣ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር አንድ ጎሚስታ በር ላይ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ፣ ሰውየው የተቀደደ የብስክሌት ከመነዳሪ ፍቆ ማስቲሽ ቀባበትና በአፉ እፍ እፍ ይልበት ጀመር። ሽታው አፍንጫዬን እንደነካው ባጃጅ መጠበቄንም፣ የያዝኩት ቲማቲም ፌስታሉን ቀድዶ እየተንጠባጠበ መሆኑንም ረሳሁት። «እትዬ፣ የሚሠራ ነገር አለዎት?» አለኝ ትክ ብዬ ሳየው ጊዜ። የለኝም አልኩት፤ ግን ከዚያ ቦታ ቶሎ መነቃነቅ አልቻልኩም።

የወንድሜ የኤርሚያስ እጅ ሁልጊዜ እንደዚያ ይሸት ነበር። በሰባት ዓመት ይበልጠኛል። ያኔ ባህል አዳራሽ አካባቢ፣ ጓሮው ሁለት የፓፓያ ዛፍ ባለው የኪራይ ቤት ነበር የምንኖረው። አባባ በወጣትነቱ ከወላይታ መጥቶ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የተቀጠረ፣ እሁድን ለጌታ የሰጠ ሰው ነበር፤ ኤርሚያስ ደግሞ እሁድን ለጌታና ለአትሌቲክስ እኩል ማካፈል የሚፈልግ ልጅ ነበር። ስብከቱ ከአሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ ጋር በተጋጨ ቀን ሆዱን ይቆርጠዋል። እማዬ ሆድ ቁርጠቱ ከኦሎምፒክ ጋር መጥቶ ከኦሎምፒክ ጋር እንደሚሄድ ከአባባ ቀድማ ብታውቅም ተናግራ አታውቅም።

ሩጫ የምናየው ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው ጋሽ ከድር ሱቅ ነበር። ጋሽ ከድር ከስልጤ የመጡ፣ ቁጥብና ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው፤ ውድድር ሲኖር ግን ቴሌቪዥናቸውን ከባንኮኒው አንስተው ፊቱን ወደ ጎዳናው ያዞሩትና ሰፈሩ በሙሉ አስፋልቱ ዳር ይሰበሰባል። አንዴ አንዲት ሴትዮ ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ይለኩልኝ ብላ አላስቆም አላስቀምጥ ብትላቸው፣ ዓይናቸውን ከሯጮቹ ሳይነቅሉ «እህቴ፣ ጨርቁ የትም አይሮጥም፤ እነሱ ናቸው የሚሮጡት፤ ትንሽ ቆዪ» ብለዋት ሕዝቡ ሲስቅ፣ ሴትዮዋም ተቀምጣ እስከ መጨረሻው ዙር አብራን ጮኸች።

ኤርሚያስ ግን ጮኾ ዝም የሚል ደጋፊ አልነበረም። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ የሯጩን ስም፣ የዙሩን ሰዓት፣ ማን የት ላይ እንደፈተለከ ሁሉ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ይጽፋል። የብስክሌት ውድድር በቴሌቪዥን ስለማይመጣ ውጤቱን ከሬዲዮ የስፖርት ዜና ላይ እየለቀመ፣ ጆሮውን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጥፎ፣ ከባሕር ማዶ ተራራ ላይ ማን ማንን ጥሎ እንደሄደ ይመዘግባል። አንድ የውጭ አገር መምህር ጥለውት ከሄዱት መጽሔት ላይ ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አግኝቶም ለአንድ ክረምት ሙሉ አብዶበት ነበር። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ዱላ ይዞ ይጠብቃል፣ የቀሩት ሣር ላይ ቆመው ይተክዛሉ። ሕጉን እኔ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም፤ ግን ኮፍያው ሰማያዊ የሆነውን ቡድን መርጠን ከልባችን ደግፈናል።

ከሁሉም በላይ የሚወደው ብስክሌት ነበር። ውድድር ያቆመ አንድ የከተማችን ብስክሌተኛ፣ ኤርሚያስ ስለ ድሮ ውጤቱ ከራሱ በላይ ሲያወራለት ሰምቶ ተገረመና አሮጌ የውድድር ብስክሌቱን ሰጠው። ከብስክሌቱ ጋር አንድ ቃልም አብሮ ሰጠው፤ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ በዋናው መንገድ ወጥቶ ከተማዋን ዞሮ ወደ ሐይቁ የሚመለሰውን ዙር ከአሥራ ስድስት ደቂቃ በታች የጨረሰ ልጅ፣ አዲስ አበባ ሄዶ ከክለብ ልጆች መሀል ቢሰለፍ አያፍርም አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድሜ የሌላ ሰው ደጋፊ ብቻ መሆኑ ቀረ። እኔ ደግሞ የእሱ ደጋፊ ሆንኩ።

ሰዓት ያዢው እኔ ነበርኩ። የአባባን ባለ ቁጥር የእጅ ሰዓት ይዤ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ሲጎትቱ፣ አባ ኮዳ የምንላቸው መላጣ ትልልቅ ወፎች የዓሣ ራስ እየተሻሙ በአጠገቤ ሲንጎማለሉ፣ በሹራብ ተጠቅልዬ አስፋልቱ ዳር እቆማለሁ። ሲነሳ የሰዓቱን ቁልፍ እጫናለሁ፤ ሲመለስ እጫናለሁ፤ አነብለታለሁ፤ ከዚያ ቁጥሩን ለሚቀጥለው ዙር ወደ ዜሮ እመልሰዋለሁ። ደብተሩ ላይ የምጽፈውም እኔ ነኝ። በእውነተኛ ውድድር ብስክሌተኛ የራሱን ሰዓት አይዝም ይል ነበር።

አንድ ነፋሻማ ጠዋት አሥራ ሰባት ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ሰከንድ ገባ። ካለፈው ሳምንት በሦስት ሰከንድ የባሰ ነበር። ብስክሌቱን ጥሎ፣ ጉልበቱን ይዞ፣ አፉ ዙሪያ ደርቆ ነጭ ሆኖ ቀና ብሎ አየኝ። ሰው በዚያ ዓይን ሲያየኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። «አሥራ ሰባት ከአርባ» አልኩት። ያን ጊዜ የሳቀውን ሳቅ ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ ከመሬት ብድግ አድርጎ አንስቶ ሲያሽከረክረኝ ወፎቹ ሁሉ ደንግጠው ተነሡ።

ተንኮል አልነበረም። የማደንቀው ብስክሌተኛ እንዲያሸንፍ የምፈልግ ደጋፊ ነበርኩ፤ በእጄ ደግሞ ሰዓቱ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት እውነቱን ልነግረው አስቤ ነበር፤ ግን እውነቱን ብነግረው የደከመ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ከአርባው ላይ ደግሞ ስምንት ቀነስኩለት። እንዲህ እንዲህ እያልን አሥራ ስድስት ደረስን። እግሩ በእርግጥም እየበረታ ነበር፤ ቁጥሬ ግን ከእግሩ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ፋሲካ አልፎ ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ አንድ ጠዋት ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አሥራ አምስት ደቂቃ ከሃምሳ አራት ብዬ ጻፍኩ።

አንድ የአዲስ አበባ ክለብ አዲስ ልጆች የሚመለምልበት ቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳምንት ላይ ዋለ። ኤርሚያስ ፈተናውን ትቶ ልሂድ አለ። አባባ እንደማይቆጣ ሰው ሰምቶት ሲያበቃ እኔን ከነደብተሩ አስጠራኝ።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ።»

«ሰዓቱን በዓይንሽ አይተሽ ነው?»

ኤርሚያስ በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። በሰንበት ትምህርት ቤት የቃል ጥቅስ በመያዝ ሁሌ አንደኛ የምወጣ፣ በዚያም ምክንያት ቤት ውስጥ እንደ ምስክር የምጠራ ልጅ ነበርኩ። «አዎ» አልኩ።

አባባ መነጽሩን አወለቀና እማዬን ዞር ብሎ አያት። «ሊዲያ አትዋሽም» አላት። «ይሂድ፤ ፈተናውን በሚቀጥለው ዓመት ይወስዳል።»

ጋሽ ከድር ከሱቃቸው ምርጥ ቢጫ ጨርቅ ቆርጠው ማሊያ አሰፉለት። ብስክሌቱ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ሲታሰር የሰፈሩ ልጆች መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጨፈሩ። እኔም ጨፈርኩ። ከሁሉም የሚገርመኝ ያ ነው፤ እያወቅኩ፣ ምናልባት ያሸንፍ ይሆናል ብዬ አምኜ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጓሮ ውስጥ ብስክሌቱን ፈትቶ ካቴናውን በጋዝ ሲያጥብ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ዙር ሳያልቅ ጥለውት እንደሄዱ፣ አቧራቸውን እንኳ እንዳላየ ነገረኝ።

«ከመነሳታችን በፊት ሰዓቴን ስነግራቸው ማን ለካህ አሉኝ። እህቴ አልኳቸው። ሳቁ።» ካቴናውን በጨርቅ ጠረገው። «እኔ ግን አልሳቅኩም። ከፍታው ነው ሊዲ። እዚያ አየሩ ቀጭን ነው፤ ሳንባዬ እምቢ አለኝ። አንቺ የያዝሽው ልክ ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር። እሱ ግን በዘይት የተነከረ እጁን ጉንጬ ላይ አድርጎ «አይዞሽ» አለኝ፤ ያለቀስኩለት መስሎት።

በሚቀጥለው ዓመት አባባ ታመመ፤ ኤርሚያስም በፈተናው ፋንታ ሥራ ገባ። ዛሬ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሾፌር ነው፤ እንግዶች ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣል። አባባ ሲሞት ልጁን በሦስት ቀን የመለሰው የአዲስ አበባ ከፍታ እንደሆነ አምኖ ነው የሞተው። በዚህ ሁሉ መሀል ግን እኔንና ወንድሜን ምንም ነገር አልለየንም፤ አንድም ታላቅ ውድድር ለየብቻ አይተን አናውቅም። ሁለታችንም ትዳር ይዘን ከወለድን በኋላ እንኳ ወይ እሱ ቤት ነን ወይ እኔ ቤት፤ ካልተመቸንም ስልክ ላይ ነን። ቤቱ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር ያ ሰዓት ይወራል። «እኔ እኮ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ይህን ከተማ በአሥራ አምስት ከሃምሳ አራት ዞሬዋለሁ፤ ምስክሬ ይቺውና» ይልና በአገጩ ወደ እኔ ይጠቁማል። ሥራው ሲያታክተው፣ ሰው ሲንቀው፣ ያን ቁጥር ሲናገር ትከሻው ቀና ሲል አየዋለሁ። እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ።

ልጁ ሶስና አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት ብስክሌት ጀመረች። ያንኑ መንገድ ሰጣት፤ ሰዓቱን ራሱ ያዘላት። በጥቂት ወራት ውስጥ አሥራ ስድስት ከሠላሳ ገባች። ጓደኞቿ በደስታ አበዱ፤ እሱ ግን «ገና ነሽ» አላት፤ «አባትሽን ሳታልፊ ስለ ክለብ አታውሪኝ።» አንድ ቅዳሜ ቤታቸው ስሄድ ልጅቷን መታጠቢያ ቤት ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከትንፋሽዋ ጋር እየታገለች ታለቅሳለች። «አክስቴ፣ እኔ አልረባም» አለችኝ። «አባቴ በዚያ በከባድ ብስክሌት የገባበትን፣ እኔ በዚህ ቀላል ብስክሌት አቃተኝ።»

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ሐይቁ ወሰድኩትና አንድ ድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

«ኤርሚያስ፣ ያ ሰዓት ውሸት ነው።»

«የቱ ሰዓት?»

«አሥራ አምስት ከሃምሳ አራት። ደስ እንዲልህ ብዬ እየቀነስኩ ነበር የማነብልህ።»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ነፋሻማውን ጠዋት፣ አባባ የጠየቀኝን ቀን፣ ጓሮ ውስጥ አፌን ከፍቼ መዝጋቴን።

«ትክክለኛው ስንት ነበር?»

«በጣም የፈጠንክ ቀን አሥራ ሰባት ከሠላሳ አንድ።» አልረሳሁትም ነበር።

«አሥራ ሰባት ከሠላሳ አንድ» አለ ቀስ ብሎ፣ ልክ እንደ ድሮው ደብተር ላይ እንደሚጽፈው። «ሶስና በሁለተኛው ሳምንቷ ነው ይህን ያለፈችው።» ከዚያ «ከፍታው አልነበረም ማለት ነው» አለ።

ይቅር በለኝ አልኩት። ለምን እንደነገርኩት እንደገባው፣ ለልጁ ብዬ መሆኑን እንደሚያውቅ ነገረኝ። አልተቆጣም። ሲነሳ ብቻ የሱሪውን አቧራ እያራገፈ፣ ዓይኑን ውኃው ላይ አድርጎ «ያቺን አንዲት ነገር ነበር የያዝኩት፣ ሊዲ» አለኝ።

ያን ቀን ማታ ሶስናን ጠርቶ «አልፈሽኛል፤ ከድሮ ጀምሮ» እንዳላት ከራሷ ሰማሁ። አሁን አዲስ አበባ ክለብ ገብታለች፤ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች፤ አንድም ቀን ሰዓቷን አልጠየቅኳትም። እሱም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም፤ በዓል ሲሆን ይመጣል፣ ልጆቼን ያቅፋል፣ የታመመ ሰው ካለ አብረን እንጠይቃለን። ስለ ሩጫ ግን አናወራም። ቤቱ እንግዳ ሲሰበሰብም ስለዚያ መንገድ የሚያነሳ የለም።

በቅርቡ የዓለም ሻምፒዮናው የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ሲሮጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ድሮ ሃያ ዙር ሲቀር ይደውልልኝ ነበር፤ አልደወለም። ስድስት ዙር ሲቀር የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቼ እኔ ደወልኩለት።

«እያየህ ነው?»

«መብራት ጠፍቷል እኛ ጋ» አለኝ።

ከኋላው የስፖርት ጋዜጠኛው ድምፅ ይሰማኛል፤ የሯጮቻችንን ስም እየጠራ ይጮኻል። «ይመጣል፤ አይዞህ» አልኩት። «እሺ» አለ። እሱም ስልኩን አልዘጋም፣ እኔም አልዘጋሁም። አምስት ዙር ሙሉ አንድ ቃል ሳንነጋገር ቆየን። የእኔ ቴሌቪዥን ላይ ዳኛው የመጨረሻውን ዙር ደወል ያለ ድምፅ ሲወዘውዘው አየሁ፤ ደወሉን በእሱ ስልክ ውስጥ ሰማሁት። ሁለት መቶ ሜትር ሲቀር ስልኩ ተዘጋ።

የእኛ ልጅ አሸነፈች። ሳሎኑ መሀል ቆሜ ነበር፤ ስትገባ ተቀመጥኩ።