የይስማው ሽቶና የአያ ደምለው ንቦች

ሮብ ገበያ ውስጥ ይስማውን የማያውቅ የለም፤ ሳይታይ ይሸታልና። አባቱ ጽድ እየሰነጠቀ በርና መስኮት ሲሠራ ኖሮ ሞተ። ልጁም መጋዙን ወርሶ ደህና አናጢ ወጥቶት ነበር። ምን ያደርጋል፣ አንድ ክረምት ለሥራ ብሎ አዲስ አበባ ሄደና ሲመለስ መጋዙን ጠላው። ይዞልን የመጣው ዕውቀት «ፒያሳ» የሚባል የወንድ ሽቶ ነው።

ካርቶኑን ለሁሉ ያስነብባል። የድሮ የፒያሳ ቤቶችን የእንጨት ደረጃ፣ ከዝናብ በኋላም ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ሽበት ይሸታል ይላል ጽሑፉ። እኔም አፍንጫዬን አስጠጋሁለት። ጽድና እርጥብ ሽበት! የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፣ አልኮል ጨምረውበት። በእናቱ በታየች ጓሮ በነፃ የሚሸተውን በጠርሙስ ገዝቶ መምጣቱ ሳያንስ፣ እኛን «አፍንጫችሁ አልሠለጠነም» ይለናል። ናቅሁት። ዛሬም እንደናቅሁት ነኝ።

ታዲያ ይህ ሰው የአያ ደምለውን ልጅ የኔአለምን ሊያገባ ፈለገ። ድሮ ይፈላለጉ እንደነበር መንደሩ ያውቃል። እናቱ መጥታ «አያ ይታያል፣ ልጄ ያለ እሷ ሰው አይሆንልኝም፤ እባክዎ ሽማግሌ ይሁኑልኝ» ስትለኝ እምቢ ማለት ከበደኝ። መሪጌታ አምደሚካኤል፣ አበረና እኔ እንድንሄድ ተቆረጠ።

በጥቅምት፣ እሑድ ረፋዱ ላይ ልንነሳ ስንል ይስማው ሮጦ መጣና የሦስታችንንም ጋቢ በሽቶው ረጨው። «የሠለጠነ ሰው ሽማግሌ መሆናችሁ ይታወቅ!» አለን። መሪጌታ «ኧረ ይቅርብኝ ልጄ፣ ከቅዳሴ መውጣቴ ነው» ቢሉት እሳቸውን ደገማቸው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

አያ ደምለው ንብ አርቢ ናቸው። ቀፎዎቻቸው ከደጃፉ በላይ ጣራው ክፈፍ ሥር ተደርድረዋል። ንብ ሽቶ እንደማትወድ በአገራችን ሕፃን ሳይቀር ያውቃል፤ ማር የሚቆርጥ ሰው ሳሙና እንኳ አይነካም። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ደግሞ እሺ እስኪባል ደጅ ይቆማል እንጂ አይቀመጥም። ይስማው ሁለቱንም ያውቃል። ከፒያሳ ወዲህ ግን የሚያውቀው ነገር ሁሉ ያሳፍረው ጀምሯል።

እኛ እንደ ወጉ ደጃፉ ላይ ቆምን። አያ ደምለው «ግቡ እንጂ» ቢሉን መሪጌታ «ጉዳይ አለን፤ ቆመን ነው የምንናገረው» አሉ። «ልጅዎን ለልጃችን...» ከማለታቸው ንቦቹ ወረዱብን። መሪጌታ ጥምጥማቸውን ጥለው ወደ ገብሱ ማሳ ሮጡ። አበረ ሽቶው ያለው ጋቢው ላይ መሆኑን ረስቶ በጋቢው ተሸፋፈነ። የእኔ የግራ ዓይን ለሳምንት አልተከፈተም።

አያ ደምለው ጭስ ይዘው መጥተው አዳኑን። ከዚያ ጋቢያችንን አሸተቱና፣ «በሉት፤ ታጥቦ ራሱ ይምጣ። ማር አብሮኝ ይቁረጥ። ከቀፎዬ ፊት ከቆመ ልጄን እሰጠዋለሁ» አሉ።

ጉድ እኮ ነው! የተጠየቀው መታጠብ ነው። ሄጄ ነገርኩት። ይስማው ኪሱ ውስጥ ጠርሙሱን እየዳበሰ፣ «አያ ይታያል፣ ይህን ካስጣሉኝ እኔ ማን ልሆን ነው? ያው የአናጢው ልጅ!» አለኝ። ደግሞም አልሄደም። ኅዳርን ሙሉ ሰው ማሩን ሲቆርጥ፣ እሱ ሱቅ በር ላይ ተገትሮ ሲሸት ከረመ።

የኔአለም ለጥር ደምበጫ ላለ ሰው ታጨች። ከሠርጉ በፊት የገበያ መንገድ ላይ አገኘኋትና፣ «ለመሆኑ ሽታውን ጠልተሽ ነው የተውሽው?» አልኳት።

«ኧረ እኔስ መጀመሪያም የወደድኩት ስለ ሽታው ነው» አለችኝ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ። «ጽድ ሲሰነጥቅ ውሎ በአጠገቤ ሲያልፍ ነበር ልቤን የወሰደው። ያን ታጥቦ ጣለው፤ ይኸኛውን መታጠብ አቃተው።»