ረቡዕ የቀረበልኝ ወተት

ሰኞ፣ ንጋት

የምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ፣ ኮሎምበስ፣ ገና አልነቃችም። ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ መብራት ያለው ዳቦ ቤቱ ብቻ ነው። መኪናውን የሚነዳው ኒኪል ነው፤ ልጄን ሳባን ሊያገባ የጠየቀ የሕንድ ልጅ። ዎርዝንግተን የሚኖሩት ወላጆቹ ተስማምተዋል። ያልተስማሙት አያቱ ናቸው። «መጀመሪያ እናቷን ልይ» ብለዋል፤ ሕንድ ካለው መንደራቸው ግን አይወጡም። ስለዚህ ከሁለቱ ጋር እኔ እሄዳለሁ።

ሻንጣዬን ሳባ አነሣችው።

«ማሚ፣ ምንድን ነው እንዲህ የከበደው?»

«በርበሬ።»

«ወደ ኢንዲያ? ሲሪየስሊ?»

መኪናው ውስጥ ገባሁ።

ረቡዕ፣ ጠዋት

ማክሰኞን አውሮፕላን ላይ ጨረስነው። አሕመዳባድ ከተማ አድረን በማለዳ ተነሣን። መንገዱ ግራና ቀኙ የጥጥ እርሻ ነው። ግመል የሚጎትተው ጋሪ፣ አስፋልት መሐል የተኛች ላም፣ ላሟን በትሕትና ዞሮ የሚያልፍ አውቶቡስ። መንገድ ዳር በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ኦቾሎኒ ገዛሁ።

ሾፌሩ የመንደሩ ሰው ነው፤ ኒኪል ይተረጉማል። መንደሩ ብዙ ሰው አለው ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«በስልክ የሚኖሩትን ልጨምር ወይስ ልተው?» አለ።

ስንደርስ ገባኝ። መሐሉ የገበሬዎች ሰፈር ነው፤ ትልልቅ የእንጨት በሮች፣ ብዙዎቹ ተቆልፈዋል። ልጆቹ አሜሪካ ናቸው። ቀጥሎ ሸክላ ሠሪዎች፣ ከኩሬው ወዲያ ከብት አርቢዎች፣ በመስጊዱ ዙሪያ እስላሞች፣ ጫፍ ላይ ቆዳ የሚያለፉ። እኛም አገር ሸክላ ሠሪና ቆዳ አልፊ ዳር ነበር የሚሰፍረው፤ አልደነቀኝም። ሾፌሩ ከጫፉ ነው።

«ዱሮ አንዱ ከሌላው እጅ ውሃ አይጠጣም ነበር» አለ። «አሁን ወጣቱ አብሮ ይበላል። ሽማግሌው ግን አይረሳም።»

ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

አያቲቱን መንደሩ ሁሉ «ባ» ይላቸዋል። ነጭ ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጎረቤት ሴቶች ከበዋቸዋል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ከዚያ ባ በገዛ እጃቸው ሻይ በወተት አቀረቡልኝ።

ቀኑ ረቡዕ ነው። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሳልቀበል ቀረሁ።

ባ ብርጭቆውን አስቀምጠው ፊታቸውን አዞሩ።

«ማሚ፣ ፕሊስ» አለች ሳባ በጆሮዬ። «ኮሎምበስ እኮ ገና ማክሰኞ ነው።»

«እኔ ያለሁት እዚህ ነው።»

ኒኪል ፊቱ ጠቁሯል። «እርስዎ ከእጃቸው መጠጣት የተጸየፉ መስሏቸው ነው» አለኝ። የሾፌሩ ነገር ያኔ ገባኝ።

«ጾም ላይ ነኝ በላቸው።»

ኒኪል ሲነግራቸው ባ ዞር አሉ። «እኔም ሰኞ ሰኞ እጾማለሁ። እህል ትቼ ወተት እጠጣለሁ።»

«እኔ ወተት ትቼ እህል እበላለሁ።»

«ወተት የሚከለክል ምን ዓይነት ጾም ነው?»

«እህል የሚከለክልስ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ባ አልሳቁም። ኦቾሎኒዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዘረጋሁላቸው። አንዷን ፈልፍለው ፍሬዋን ለሁለት ከፈሏት።

«ይቺ በእኔ ጾም ትበላለች። በአንቺስ?»

«ትበላለች።»

ግማሹን ሰጡኝ። ከእጃቸው ተቀብዬ በላሁ።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ፊቴን ሳልታጠብ ባ ሻዩን ይዘው ቆመዋል። ጎረቤቶቹም በየበረንዳቸው ወጥተዋል። ጠጣሁ፤ ስኳሩ ጥርስ ያማል። ሳልጨርስ ጨመሩልኝ። ያመጣሁትን በርበሬ በጣታቸው ቀምሰው፣ ጥቂት ካሳላቸው በኋላ ጓዳ አስገቡት።

ተመልሰው ለኒኪል ረጅም ነገር ተናገሩ። ሳባ ክንዴን ጨብጣለች።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«ሠርጉ በፈለጋችሁት ቀን ይሁን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ግን አይሆንም። ሰኞ እኔ አልበላም፤ ረቡዕና ዓርብ እናቷ ወተት አትጠጣም።»