አይዞሽ የተከለከለበት ክፍል

ያን ክረምት ያየ ሰው አይረሳውም። የታጠበ ልብስ አልደርቅ ብሎ ቤቱን ሁሉ የእርጥብ ጨርቅ ሽታ ወርሶት ነበር። ዝናቡ ከጧት ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስለሚውል ሰው አጠገቡ ካለው ጋር እንኳ እየጮኸ ነበር የሚያወራው። ልብስ ሰፊዋ ግራ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ገና ሦስት ወሯ ነው። ብርዱ ስፌቷ ላይ ገብቶ ይጠዘጥዛታል፤ ከብርዱ ይልቅ ግን ያንገበገባት ጠያቂው ነበር።

«አይዞሽ» ይሏታል ገና ከበር። «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም።» ይህን ብለው ራሳቸው ያለቅሳሉ፤ መሐረብ ፈልጋ የምታባብላቸው እሷ ናት። ሲወጡ ደግሞ በረንዳው ላይ «ያ ነገር፣ ያ ነገር» እያሉ ይንሾካሾካሉ።

«ያ ነገር ስም አለው!» ትላለች በመስኮት። «ካንሰር ይባላል! ስሙን ብትጠሩት አቤት ብሎ አይመጣባችሁም!»

ትንፋሽ ያገኘችው በታከመችበት ሆስፒታል ኮሪደር ጫፍ ላይ፣ የተሰበሩ አልጋዎች ይከመሩበት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። የካንሰር ታማሚዎችን የምትከታተለው ሲስተር ክፍሉን አስጠርጋ ቁልፉን ለታማሚዎቹ ሰጠቻቸው። ሰባት ሴቶች ረቡዕ ረቡዕ እየተሰበሰቡ ስለ ማስመለሱ፣ ስለረገፈው ፀጉር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ስለሚተኛው ባል ሳይደባበቁ ያወራሉ። ሕጉ አንድ ነው፤ ያወጣችውም ልብስ ሰፊዋ ናት። «አይዞሽ» ያለች ሴት ስብሰባው እስኪያልቅ ትቆማለች። ከሰባቱ አንዷ፣ ዳቦ ሻጯ፣ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ተቀጥታ፣ «የእኔን ወንበር ለሰው ስጡት» ብላ አስቃቸዋለች።

ልብስ ሰፊዋ ሙያዋን ይዛ ነው የመጣችው። ጡታቸው ለወጣ ሴቶች ከለስላሳ ጨርቅ ጡት ትሰፋላቸዋለች። ጥጥ ብቻ ከሆነ እየቀለለ ወደ አንገት ስለሚወጣ፣ ክብደት እንዲኖረው ከመሐሉ ድፍን ምስር ትጨምርበታለች።

ክረምቱ ሲጋመስ አንዲት መምህር መጣች። የሠላሳ ዓመት ልጅ ናት፤ በሩ አጠገብ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ ስታፍተለትል ትውላለች። ሁለት ዙር መድኃኒት ወስዳ ሦስተኛውን ልትተወው ነው።

«አንቺን ትሰማ ይሆናል» አለቻት ሲስተሯ ለልብስ ሰፊዋ። «ከተወችው ግን…»

ልብስ ሰፊዋም በልኳ ጡት ሰፋችላት። መምህሯ ተቀብላ፣ አመስግና፣ ወደ ሻርፗ ጫፍ ተመለሰች።

መምህሯ በመጣች በሦስተኛው ረቡዕ በሩ ላይ አዲስ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎ አገኙት። ክፍሉ ለፋይል ማስቀመጫ ተፈልጓል ተባለ። ልብስ ሰፊዋ ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። አንዱ «ደብዳቤ አምጪ»፣ ሌላው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሦስተኛው «ለማውራት ደግሞ ክፍል ምን ያደርጋል?» አላት። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው። ደሟ ፈልቶ ስትወጣ መምህሯ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ በጣም ፈርቻለሁ…»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ቆይ አንዴ!» ብላት ወደሚቀጥለው ቢሮ ሮጠች።

ያለችው ነገር ለራሷ የተሰማት ደረጃውን ከወረደች በኋላ ነው። ስትመለስ መምህሯ የለችም። በሚቀጥለው ረቡዕም አልመጣችም። የመድኃኒቷ ቀን ደግሞ ዓርብ ነው።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ሰፊዋ ራሷን እየረገመች፣ ጭቃው እያንሸራተታት መምህሯ ቤት ሄደች። ሳሎኑን አክስቶች ሞልተውታል፤ «አይዞሽ»ው እንደ ዝናቡ ይወርዳል።

«ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች።

«ኧረ ተቀመጪ» አሉ የመምህሯ እናት።

«ቅጣቴ መቆም ነው።»

አክስቶቹ ተያዩ፤ ጤነኛ አልመሰለቻቸውም። መምህሯ ግን ወደ ጓዳ ገብታ በሳህን አንድ ነገር ይዛ ተመለሰች። የተሰፋላት ጡት ነው። አጥባ አስጥታው ኖሮ፣ በዚያ ክረምት መቼ ይደርቃል፣ በስፌቱ መሐል አረንጓዴ ቡቃያ አውጥቷል።

«እትዬ፣ ጡቴ በቀለ» አለች።

«አንቺ ሞኝ! ምስር ያለበት ይታጠባል እንዴ?»

«ማን ነገረኝ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው። አልነገርኩሽም።»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ አክስቶቹ የባሰ ደነገጡ። ሳቁ ሲበርድ መምህሯ አለቀሰች። ልብስ ሰፊዋ ምላሷ ላይ የመጣውን ቃል ዋጠችው።

«ያስፈራል» አለቻት። «እኔም አሁን ድረስ እፈራለሁ። ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«በጧት ነው።»

አብረው ሄዱ። መምህሯ ሦስተኛውን ወሰደች፤ የቀሩትንም።

ክፍሉ ግን አልተመለሰም። ሁለት ማመልከቻ ጠፋ፤ ሦስተኛውን «ለሚመለከተው» ብለው መሩት፤ የሚመለከተው ማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። በበሩ ስንጥቅ ለሚያይ ፋይል የሚባል ነገር የለበትም፤ እነዚያው የተሰበሩ አልጋዎች ተመልሰው ተከምረውበታል። ሴቶቹ በአንደኛውና በሁለተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ የሚወጣ የሚወርደው ቀሚሳቸውን እየረገጠ ያልፋል።

ልብስ ሰፊዋም በቅርቡ የታየችው እዚያው ደረጃ ላይ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። አራተኛው ማመልከቻ መጥፋቱን እያፈረች ልትነግራቸው የመጣችውን ሲስተር «አይዞሽ» በማለቷ፣ መምህሯ ቀጥታት ቆማ ነበር።